ዕጣውን ማን ያውጣ? ገመድ አልባ ሴንሰሮች መሪ ሲመርጡ እንዳይጭበረበሩ

መጋቢት 29 ቀን 2009 ዓ.ም. (ኤፕሪል 7 ቀን 2017) ዓርብ፣ ለእኩለ ሌሊት 20 ደቂቃ ያህል ሲቀር፣ በቴክሳስ የዳላስ ከተማ 156 የአደጋ ሳይረኖች በአንድ ጊዜ ጮኹ። ቶርኔዶ የለም፣ ማዕበልም የለም። ሕዝቡ ምን መጣብን እያለ ሲደዋወል የአደጋ ጥሪ ቁጥሩ 911 ላይ ከ4,400 በላይ ጥሪ ገባ። ጩኸቱ የቆመው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ሠራተኞቹ መላውን ሲስተም ሲያጠፉት ነው። ከተማው በኋላ እንዳስረዳው አንድ ሰው ሳይረኖቹን የሚያስነሣውን የሬዲዮ ምልክት አስመስሎ ልኮ ነበር። ሳይረኖቹ አልተበላሹም፤ የታዘዙትን ፈጸሙ። ያዘዛቸው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቁም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በማርች 2019 ደግሞ እዚሁ ከዳላስ በስተደቡብ፣ ዴሶቶና ላንካስተር በተባሉ ከተሞች፣ 30 ያህል ሳይረኖች በውድቅት ሌሊት ሰውን ከአልጋው አስነሡት።

ሳይረን ትእዛዝ ተቀባይ ብቻ ነው። በየመጋዘኑና በየእርሻው የምንተክላቸው ትንንሽ ገመድ አልባ ሴንሰሮች ግን አዛዣቸውን ከመካከላቸው ይመርጣሉ። ስለዚህ እነሱ ዘንድ ሌባው ትእዛዝ ማስመሰል እንኳ አያስፈልገውም። መመረጥ ይበቃዋል። የሁሉም መረጃ በእጁ ያልፋል፤ የፈለገውን ይቀይራል፣ የፈለገውን ያስቀራል።

ይህ መመሪያ ሴንሰር በእጁ ለሚተክልና ጥቂት ፕሮግራም መጻፍ ለሚችል ሰው ነው። ምሳሌ የማደርገው ራሴ የሠራሁበትን፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ያለ አንድ የሐበሻ ሸቀጥ መጋዘን ነው። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮ በአንድ ወገን፤ ቅቤና ሥጋ በፍሪዘር በሌላ ወገን፤ ሙቀትና እርጥበት የሚለኩ 12 ሴንሰሮች በየጥጉ ተሰቅለዋል።

መሪ ለምን አስፈለገ? ነገሩ የባትሪ ነው። በዚህ ሙያ ብዙ ሰው የተማረበት ቴሎስ-ቢ የተባለው ቦርድ ሬዲዮው ሲሲ2420 ነው። ይህ ቺፕ እዚሁ ዳላስ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ2006 የኖርዌዩን ቺፕኮን ሲገዛ ወደ እጁ የገባ ነው። ሲናገር 17.4 ሚሊ አምፒር፣ ሲያዳምጥ ደግሞ 18.8 ሚሊ አምፒር ይበላል። አዎ፣ ማዳመጥ ከመናገር ይበልጣል። ባለ 2,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ ሬዲዮው ሌት ተቀን ክፍት ከሆነ ስድስት ቀን አይሞላም። ስለዚህ አንዱ ነቅቶ የሌሎቹን ንባብ ይሰበስባል፣ ያጠቃልላል፣ መረጃው ወደሚከማችበት ዋና ጣቢያ ይልካል። ሌሎቹ ይተኛሉ። ነቅቶ የሚያድረው እንዳይሞት ደግሞ ተራው ይዞራል።

ተራው እንዴት እንደሚዞር ነው ችግሩ ያለው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዌንዲ ሃይንዝልማን፣ አናንታ ቻንድራካሳንና ሃሪ ባላክሪሽናን ያቀረቡት ሊች የተባለ ዘዴ እስከ ዛሬ የብዙ መማሪያ መጻሕፍት መነሻ ነው። በሊች እያንዳንዱ ሴንሰር ከ0 እስከ 1 ባለው መካከል ለራሱ አንድ ቁጥር በዕጣ ያወጣል። ቁጥሩ ከተወሰነ ጣሪያ ካነሰ «መሪ እኔ ነኝ» ብሎ ያውጃል። ከመቶ አምስቱ መሪ ይሁኑ ከተባለ የመጀመሪያው ዙር ጣሪያ 0.05 ነው። ያወጣውን ቁጥር ግን ከራሱ በቀር ያየ የለም። እያንዳንዱ አባል ቤቱ ቁጭ ብሎ ዕጣ አውጥቶ «ዘንድሮ ለእኔ ደረሰ» ብሎ የሚደውልበት ዕቁብ ያስቡ። እንዲህ ያለ ዕቁብ ስንት ሳምንት ይቆያል? ሊች ለባትሪ የተሠራ ነውና በዚያ አልወቅሰውም፤ ያለ ጥበቃ ተክሎ የሚተኛውን ግን እወቅሳለሁ።

በዚያ ላይ ሴንሰሮቹ ከመሪዎቹ መካከል የሚከተሉት ድምፁ የጎላውን ነው። ክሪስ ካርሎፍና ዴቪድ ዋግነር እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት ጠንካራ ማሠራጫ የያዘ ሰው «እኔ ነኝ» ብሎ አንዴ ቢጮህ መረቡ በሙሉ ይከተለዋል።

መፍትሔው ከዕቁባችን ሩቅ አይደለም። ዕጣው በጋራ፣ በሁሉም ፊት ይውጣ። ማይክል ሲሪቪያኖስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሴንሰር መረብ ያቀረቡት መንገድ ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሁሉም ቁጥሩን አሽጎ ያቀርባል፣ ቀጥሎ ሁሉም ይገልጣል፣ የቁጥሮቹ ድምር መሪውን ይጠቁማል። አሠራሩን እንደሚከተለው ይያዙ።

መዝገቡን አስቀድመው ይዝጉ

ዕቁብ ስም ሳይመዘገብ አይጀመርም። ሴንሰሮቹን ከመስቀልዎ በፊት፣ ገና ጠረጴዛዎ ላይ ሳሉ፣ ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር ይስጡና የ12ቱን ዝርዝር በሁሉም ላይ ይጫኑ። ይህ ካልሆነ አንድ ሌባ በአሥር ስም እየገባ አሥር ዕጣ ይይዛል።

ቁልፍ ላይ አይሰስቱ። ብዙ ሰው ለመላው መረብ አንድ ቁልፍ ሰጥቶ ጨረስኩ ይላል። አንዱ ሴንሰር ከግድግዳ ተነቅሎ ቢከፈት ግን ያ አንድ ቁልፍ የሁሉንም በር ይከፍታል። ለእያንዳንዱ ጥንድ የየራሱ ቁልፍ ይኑር። 12 ሴንሰሮች 66 ጥንድ ናቸው፤ አንዱ የሚሸከመው 11 ቁልፍ ነው፤ እያንዳንዱ 16 ባይት ቢሆን 176 ባይት። ቴሎስ-ቢ 10 ኪሎ ባይት ራም አለው፤ አይሰማውም። በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ከዋናው ጣቢያ ጋር ብቻ የሚጋራው አንድ ቁልፍ ይስጡት፤ ኋላ ያስፈልገናል።

መልእክት ሁሉ በእነዚህ ቁልፎች ማኅተም ይደረግበታል። ለ11 ጎረቤት 11 ማኅተም፣ እያንዳንዱ 4 ባይት፣ 44 ባይት ይሆናል። የዚህ ዓይነት ሬዲዮ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው እስከ 127 ባይት ስለሆነ ይበቃል። መረብዎ በመቶ የሚቆጠር ከሆነ ግን ይህ አይሆንም፤ ያኔ አድሪያን ፔሪግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡትን ማይክሮ ቴስላ ይመልከቱ፤ ቁልፉ ዘግይቶ የሚገለጥበት ዘዴ ነው። ከዚያ በፊት ግን መረቡን በትንንሽ ቡድን መክፈል የሚሻል ይመስለኛል።

የዕጣ ቁጥሩ እውነተኛ ዕጣ ይሁን

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። መጀመሪያ ስጽፈው ቁጥሩን ከተለመደው የፕሮግራም ቋንቋ የዘፈቀደ ቁጥር አውጪ ወሰድኩ፤ መነሻውን ሳልቀይር። ሴንሰሮቹን ደግሞ በየሌሊቱ ጠፍተው እንዲነሡ አድርጌያቸው ነበር። ያ ቁጥር አውጪ መነሻው አንድ ከሆነ በተነሣ ቁጥር የሚደግመው ያንኑ ተርታ ነው። ረጅሙ የሌሊት ዙር ሁልጊዜ ለ7 ቁጥር ይደርስ ጀመር፤ ፍሪዘሩ በር ላይ ለተሰቀለው። ሌሎቹ ባትሪያቸው ከግማሽ በላይ እያለ እሱ ሞተ። ሌባ ሳይመጣ ራሴ አጭበረበርኩት ማለት ነው፤ ሌባ ቢመጣማ ቀጣዩን መሪ በወረቀት ጽፎ ይጠብቀኝ ነበር።

የቅርብ ጊዜ ቺፖች፣ ለምሳሌ ሲሲ2652፣ እውነተኛ የዘፈቀደ ቁጥር የሚያመነጭ ክፍል በውስጣቸው አላቸው። እሱን ይጠቀሙ። ቁጥሩም ትልቅ ይሁን፤ 16 ባይት። «ከ12 አንዱን ለመምረጥ ከ1 እስከ 12 ያለ ቁጥር አይበቃም ወይ?» ይሉ ይሆናል። አይበቃም፤ ምክንያቱን ወዲያው ያዩታል።

ማሸግ

እያንዳንዱ ሴንሰር ቁጥሩን አይናገርም፤ አሻራውን ይልካል። ሃሽ የሚባለው ስሌት፣ ለምሳሌ ኤስኤችኤ-256፣ ማንኛውንም ቁጥር ወደ ኋላ ወደማይገለበጥ አሻራ ይለውጣል። አሻራውን ያየ ቁጥሩን አያውቅም፤ ቁጥሩ ሲገለጥ ግን ያው መሆኑን ማንም ያረጋግጣል። የተጣጠፈች የዕጣ ወረቀት ማለት ናት። ወረቀቷ ላይ ያለው ከ1 እስከ 12 ብቻ ከሆነ ግን ጎረቤት አሥራ ሁለቱንም በየተራ አሽጎ የትኛው ከእርስዎ አሻራ ጋር እንደሚገጥም ያያል። ትልቅ ቁጥር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ከቁጥሩ ጋር ሁለት ነገር አብረው ይታሸጉ። አንዱ የሴንሰሩ መለያ ነው። ይህ ከሌለ ሌባው የእርስዎን አሻራ ገልብጦ የራሱ አድርጎ ያቀርባል፤ እርስዎ ሲገልጡ እሱም ያንኑ ይገልጣል፤ ሁለት እኩል ቁጥር ገባ ማለት ነው፤ መደመሩን ኤክስኦር በሚባለው ስሌት ከሠሩት ደግሞ የእርስዎ ዕጣ ከነአካቴው ይጠፋል። ሁለተኛው የዙሩ ቁጥር ነው። የትናንቱን መልእክት ቀድቶ ዛሬ መልሶ የሚልክን ሰው የሚያስቆመው እሱ ብቻ ነው። የዙሩን ቁጥር ኃይል ሲጠፋ በማይጠፋ ማኅደረ ትውስታ ላይ ይጻፉት። በፌብሩዋሪ 2021 ብርድ ቴክሳስን ሲመታና መብራት ለቀናት ሲጠፋ እዚህ የነበረ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻውም። ዋናው ጣቢያ ጠፍቶ ሲነሣ ከዙር 1 ከጀመረ የድሮ መልእክት ሁሉ እንደ አዲስ ይቀበላል።

አሻራው ከ16 ባይት አይነስ። ቦታ ለመቆጠብ ወደ 8 ባይት የሚቆርጡ አይቻለሁ። በ8 ባይት አንድ ተራ ላፕቶፕ አንድ አሻራ የሚሰጡ ሁለት ቁጥሮች ፈልጎ ያገኛል፤ ባለቤቱ ሁለት ወረቀት በአንድ ጣጣፊ ይዞ የሚስማማውን ይገልጣል። 16 ባይት አሻራ፣ 44 ባይት ማኅተም፣ ከዙር ቁጥሩና ከመለያው ጋር ተደምሮ አሁንም በአንዱ መልእክት ይገባል።

ዝርዝሩን ማስማማት

ማንም ወረቀቱን ከመግለጡ በፊት ሁሉም የቀረቡትን ወረቀቶች በእኩል ማየት አለባቸው። ሬዲዮ መልእክት ይጥላል፤ በተለይ ጎረቤት ዋይፋይ ሲበዛ። እያንዳንዱ ሴንሰር የማንን አሻራ እንዳገኘ በ12 ቢት፣ ማለትም በሁለት ባይት፣ ይናገር። አንዱ የጎደለው ካለ ጎረቤቱ ያስተላልፍለት። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልተገኘ ያ አባል ከዙሩ ይወጣል፤ ግን ሁሉም በአንድነት ያውጡት። ግማሹ አውጥቶ ግማሹ ካላወጣ ሁለት መሪ ይኖርዎታል። ብዙ ሰው ይህን እርምጃ ይዘለዋል፤ ብዙ መረብም የሚበላሸው እዚህ ነው።

መግለጥ፣ የማይገልጠውንም መቅጣት

አሁን ሁሉም ቁጥሩን ይልካል። ተቀባዩ ከአሻራው ጋር ያመሳክራል፤ ይደምራል፤ ድምሩን ለ12 አካፍሎ ቀሪውን ይወስዳል። ቀሪው 0 ከሆነ የዝርዝሩ አንደኛ፣ 5 ከሆነ ስድስተኛው መሪ ነው። ሁሉም በየራሱ ያሰላል፤ መልሱ አንድ ነው። ስለዚህ «መሪ እኔ ነኝ» የሚል መልእክት ከዚህ በኋላ ትርጉም የለውም። ፕሮግራምዎ ውስጥ እንዲህ ያለ መልእክት የሚቀበል መስመር ካለ ያጥፉት። ምንም ያህል ጠንካራ ማሠራጫ ቢይዝ የሚሰማው የለም።

አንድ ቀዳዳ ይቀራል፤ እሱም የመጨረሻው ገላጭ ነው። የሌሎቹን አሥራ አንድ ቁጥር ሰምቶ፣ የራሱን ደምሮ፣ ውጤቱን ከማንም በፊት ያውቃል። ካልጣመው ዝም ይላል፤ «ባትሪዬ ደክሞ ነው» የሚል ይመስላል። ሕጉ እንዲህ ይሁን፤ ያሸገውን ያልገለጠ ከዚያ ዙር ዕጣ ይሰረዛል፤ ድምሩ በቀሩት 11 እንደገና ይሰላል። ራሱ መሪ ለመሆን ከሆነ ዝም ያለው ምንም አላገኘም። ግብረ አበር ካለው ግን ያተርፋል። ግብረ አበሩ ከ12 አንድ የነበረው ዕድሉ፣ ይህ ዝም ማለት ሲጨመርበት፣ ከ12 ሁለት ይሆናል። ይህን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ርካሽ መንገድ በትንሽ ሴንሰር ላይ የለም። ስለዚህ መቁጠር ነው ያለብዎት። ዋናው ጣቢያ የእያንዳንዱን ዝምታ ይመዝግብ። አንድ ጊዜ የሬዲዮ ጥፋት ነው፤ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ በአንድ ቀን ሦስተኛ ከደገመ ከመዝገብ ይሰረዝና ሄደው በዓይንዎ ይዩት። በዕቁብ ውስጥ ዳኛው የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ባትሪን በተመለከተ

ብዙ ጽሑፍ «ባትሪው የበዛው መሪ ይሁን» ይላል። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን ባትሪው ስንት እንደሆነ የሚናገረው ማን ነው? ራሱ ሴንሰሩ። ሌባው ሁልጊዜ 100 ከመቶ ነው። የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ባትሪ ማንንም ወደ መሪነት አያስገባ፤ ከመሪነት ብቻ ያስወጣ። የደከመ ሴንሰር ከማሸጉ በፊት «በዚህ ዙር አልችልም» ይበል። ካሸገ በኋላ የሚል ግን አይሰማ። ሰነፍ ሴንሰር ሁልጊዜ አልችልም እንዳይል ደግሞ ይህም ይቆጠር።

መሪውን አያምልኩት

ዕጣው ንጹሕ ቢሆንም ከ12ቱ አንዱ አስቀድሞ የተጠለፈ ሊሆን ይችላል፤ ከ12 ዙር በአማካይ አንዱ ለእሱ ይደርሳል። ስለዚህ ሥልጣኑን ያጥብቡት። ቀደም ብለን ከዋናው ጣቢያ ጋር ብቻ እንዲጋሩት የሰጠናቸው ቁልፍ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ሴንሰር ንባቡን በዚያ ቁልፍ አትሞ ይልካል፤ መሪው ተሸክሞ ያደርሳል እንጂ መቀየር አይችልም። ማስቀረት ይችላል፤ የጎደለውን ግን ጣቢያው ይቆጥራል። ለ12 ሴንሰር የሚጨምረው ጥቂት ባይት ነው። ማጠቃለል የግድ ከሆነብዎ አማካይ ሳይሆን መካከለኛውን ቁጥር ይውሰዱ፤ አንድ ውሸታም የፍሪዘሩን ሙቀት 40 ዲግሪ ቢል አማካዩን ያናጋዋል፤ መካከለኛውን እምብዛም አያነቃንቀውም።

ዙሩን ያሳጥሩ። እኛ መጋዘን ውስጥ አንድ ሰዓት ነው። የቦርዱን የፕሮግራም መጫኛ ወደብ ይቆልፉ፤ ይህ ክፍት ከሆነ ቁልፎቹ በአንድ ርካሽ ገመድ ይነበባሉ። የአንዱን ሴንሰር ቁልፍ የሰረቀ ሰው ቅጂውን አባዝቶ በየቦታው ሊተክልም ይችላል። እዚሁ አርሊንግተን ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጁን-ዎን ሆ፣ ማቲው ራይትና ሳጃል ዳስ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ሥራ እየተንቀሳቀሱ የሚሠሩ ቅጂዎችን ስለመያዝ ነበር፤ አንድ መለያ ከሚቻለው ፍጥነት በላይ ከቦታ ቦታ ከዘለለ ሁለት ሰውነት አለው ማለት ነው። ሴንሰርዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ 7 ቁጥር በአንድ ጊዜ በሁለት ጥግ ከተሰማ አንዱ ሐሰት ነው።

ራስዎ ሌባ ይሁኑ

ሥራው አለቀ ብለው ከመሄድዎ በፊት አንዱን ሴንሰር ሌባ ያድርጉትና አንድ ቀን ሙሉ ይሥሩበት። የትናንትን መልእክት ቀድቶ ይላክ። የጎረቤቱን አሻራ ገልብጦ ያቅርብ። «መሪ እኔ ነኝ» እያለ በሙሉ ኃይሉ ይጩህ። አሽጎ ዝም ይበል። አራቱም ሲከሽፉ በዋናው ጣቢያ መዝገብ ላይ መታየት አለባቸው፤ ያልተመዘገበ ክሽፈት እንዳልተፈተነ ይቁጠሩት። ቀጥለው አንድ ሺህ ዙር ያስሩጡና የመሪነቱን ቆጠራ ይዩ፤ እያንዳንዱ ወደ 83 ገደማ ሊደርሰው ይገባል። አንዱ 150 ከወሰደ ወደ ቁጥር አውጪው ይመለሱ፤ እኔም መጀመሪያ ይህን ቆጠራ ሠርቼ ቢሆን 7 ቁጥር ባልሞተ ነበር።

ይህን ሁሉ ግን በራስዎ ሴንሰሮች ላይ ብቻ ያድርጉ። የቴክሳስ የወንጀል ሕግ ምዕራፍ 33 የሌላ ሰው ኮምፒውተር ወይም መረብ ውስጥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል።